የጋሽ ከፈለ ላፕቶፕ

ትርፍነሽ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠችው ከጄኔቫ ዙሪክ ድረስ በባቡር አመጣችው። የባሏ የከፈለ ነበር። ከፈለ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰዶ፣ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር አንድ ዕቃ ማከማቻ ሥራ አግኝቶ ሳምንቱን ዙሪክ ነበር የሚያሳልፈው። እሷ ጄኔቫ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ልጃቸው ሉሉ ከእሷ ጋር ናት። ስለዚህ አባት ከሥራ ሲመለስ ለልጁ ተረት እያወራ ላፕቶፑ ላይ ይቀዳና፣ ቅዳሜ ሲመጣ አብረው ተቃቅፈው ይሰሙታል።

አምና ከፈለን መኪና ገጭቶ ገደለው። ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች እንደ ወጉ ፎቶውንም ልብሱንም ከቤት ሰብስበው ወሰዱ። ላፕቶፑን ግን ማንም ልብ አላለውም፤ መሳቢያ ውስጥ ከረመ።

በቀደም ሉሉ፣ «ማማ፣ የፓፓ ድምፅ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች። ስድስት ዓመቷ ነው። ትርፍነሽ መሳቢያውን ከፍታ ላፕቶፑን ብታበራው ሰማያዊ ገጽ እያሳየ አልነሣም አላት።

ሱራፌል ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር የሚኖር፣ የኮምፒውተር ሙያ የተማረ ወጣት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ያውቃታል፤ የከፈለን ሬሳ ከተሸከሙትም አንዱ ነበር። ላፕቶፑን ቤቱ ድረስ ወሰደችለት።

«ምን ሆነብዎት እትዬ?»

«አልነሣ አለኝ። ሉሉ ትምህርት ልትጀምር ነው፣ ለእሷ ፈልጌው ነበር።»

ተረቱን አላነሣችም። ሙት ዓመቱ ወጥቷል፤ አገሩ ሁሉ «ሐዘን ይብቃሽ» ብሏታል። ዛሬ ተነሥታ የሟች ድምፅ አምሮኛል ብትል ምን ይላታል? ይሉኝታ አፏን ያዛት። የእኛ ሰው በይሉኝታ ያልዋጠው ነገር የለም።

ሱራፌል ፍላሽ ሰካ። ዊንዶውስ የሚጭነው ኢንስቶለር ተነሣ፤ ቋንቋ ጠየቀ፤ ከዚያ «ምንም ዲስክ አልተገኘም» ብሎ ቆመ።

«ዲስኩ ምኑ ነው?» አለች።

«ኤስኤስዲ ይባላል። ሁሉ ነገር የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። እሱ ከሞተ ይሄ ባዶ ቀፎ ነው።»

ልቧ ስንጥቅ አለ።

ፍላሹን ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ ሰካው። አልተገኘም። ሌላ ፍላሽ አመጣ፤ አልተገኘም። የላፕቶፑን ሆድ በትንሽ መፍቻ ከፍቶ ማስቲካ የምታህለውን ቀጭን ዲስክ አወጣና፣ ጠርጎ መልሶ ቦታዋ ላይ ገጠማት። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። ትርፍነሽ በልቧ ሃያ አንዷን ማርያም ለመነች። የምትሳለው ስለት እንኳ ጠፍቷት፣ «ብቻ ይገኝ፣ ብቻ ይገኝ» ትላለች።

ሱራፌል ላፕቶፑን ገላመጠውና፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ንገረኝ እንጂ!» አለው። ትርፍነሽ አንገቷን ደፋች።

ሻይዋ ሳትነካው በረደ። ለልጅቷ ምን ብላ እንደምትነግራት ማሰብ ጀመረች። ባሏ ዳግመኛ የሞተባት ያህል ተሰማት፤ የአሁኑ ደግሞ ለቅሶ የሚደርስበት ሰው የለውም።

«ተወው ልጄ» አለች በመጨረሻ። «አለቀለት።»

«አንዴ ይታገሱኝ። ዲስኩ ደህና ሆኖ ኢንስቶለሩ የሚያይበት ድራይቨር ጎድሎት ሊሆን ይችላል።»

ከራሱ ኮምፒውተር አንድ ፋይል አውርዶ ፍላሹ ላይ ገለበጠ፤ ጫነው። ገጹ ጥቂት አሰበና ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ዲስኩ ብቅ አለ።

«ይኸው ተገኘ። ምንም አልሆነም።»

ትርፍነሽ ወደ ገጹ ተጠጋች። «ግማሽ ድረስ ሙሉ ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ብዙ ነገር አለበት» አለ ሱራፌል። እንባዋ ሲወርድ አየና ፊቱን ዞር አደረገ። አንጀቱን በላችው።

ስልኳን ይዛ ወደ ሰገነቱ ወጣች። ሉሉ ጄኔቫ ጎረቤት ጋ ነበረች።

«ሉሉዬ፣ የፓፓ ተረት ተገኘ።»

«ቭሬ? እውነት? ፓፓ ሊያወራኝ ነው?»

«ቭሬ። ዛሬ ስመጣ አብረን እንሰማለን። ሁሉንም።»

«እኔ አልተኛም እሺ? ዤ ዶር ፓ።»

ትርፍነሽ ሳቀች። ከዓመት ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ልጅቷ የትኛው ተረት እንደሚቀድም ስትመርጥ፣ ሐሳቧን ስትለውጥ፣ እንደገና ስትመርጥ ዝም ብላ ሰማቻት። ከታች ትራም እየተንሻተተ አለፈ። ብርዱ አልተሰማትም። ስልኩን ዘግታ፣ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ስትመለስ ላፕቶፑ ልክ ትናንት እንደተገዛ ያበራል። ሱራፌል ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአክብሮት አቀበላት።

«ለሉሉ ተዘጋጅቷል እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጋሽ ከፈለን ነገር ሁሉ አንድም ሳላስቀር አጥፍቼልዎታለሁ፤ እያዩት እንዳይብሰለሰሉ።»