እቤታችን ያለው ሐይቅ

ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጠርሙስ የሐይቅ ውሃ በአደራ ይዟል፤ ዝናብ ሲመለስ ሐይቁ በእነዚህ ጠርሙሶች ነፍስ ይዘራል ይባላል። የእኔ ሥራ በየሳምንቱ ከየቤቱ አንዲት ጠብታ ወስጄ፣ ውስጧ ያሉትን አልጌዎችና ደቃቅ ፍጥረታት በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። የጎረቤቶቻችን ጠርሙስ ገርጥቷል። የእኛ ግን እንደ ሰኔ ሣር ለምልሟል።

«ምን እያደረግክላቸው ነው?» አልኩት ባሌን፣ ልዑልሰገድን።

«ምንም። አጫውታቸዋለሁ።»

ያጫውታቸዋል! ከእኔ ጋር ሲሆን አፉ የሚለጎመው ሰውዬ!

ዛሬ ጠዋት ከበሩ ጀርባ ቆሜ አየሁት። ለቀን ከተመደበችለት አንዲት ኩባያ የመጠጥ ውሃ ግማሹን ጠርሙሱ ውስጥ ቀስ አድርጎ ጨመረና፣ በተሰነጠቀ ከንፈሩ «ጠጡ፣ የኔ ቆንጆዎች» አላቸው።

ሥራ ገብቼ ጠብታቸውን ሳይ ጠግበው ይሽከረከራሉ። ቅናት እያንገበገበኝ ቆጠርኳቸው፤ «በጣም ጥሩ» ብዬም ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ሲያነደኝ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ስጠኝ ብዬ ለምኜው ነበር።

«ድርሻሽን ጨርሰሻል እኮ» ነበር ያለኝ።