የተፈታው ሱሪ

የቁስለኛው ሱሪ እግር በስፌቱ ላይ መፈታቱን ያየችው ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ አምቡላንሱን እያጠበች ሳለ ነው። ጨርቁ ሳይነካ ክሩ ብቻ ከግርጌው ጀምሮ ተበጥሶ፣ ለማጥበብ እንደተቀበለችው የደንበኛ ልብስ በሥርዓት ተከፍቷል።

ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍታለች። በአርባ ስምንት ዓመቷ ተምራ አምቡላንስ ላይ ከወጣች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሹፌሩ አስቀድሞ ነግሯት ነበር፦ «እትዬ መርፌ፣ እዚህ ልብስ አይፈታም፣ ይቀደዳል። አንቺ ክር ስትለቅሚ ሰውየው ደሙን ይጨርሳል።»

ሰውየው መስታወት ሲገጥም ከመሰላል ወድቆ ጭኑን የተቆረጠ ነው። ሆስፒታል ሲያስረክቡት ከንፈሩ ነጥቶ ነበር።

የማምሻው ብርሃን ጋራዡ ውስጥ ገብቶ የሳሙናው አረፋ ላይ ተኝቷል፤ አምቡላንሱ መሬት የነካ አይመስልም። ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ሳይረንም ከሩቅ እንደሚሰማ የስፌት መኪና ሆኗል። ሹፌሩ ደጅ ቆሞ ለሆስፒታሉ ይደውላል።

እሷ ግን ሰውየውን ቀብራ ጨርሳለች። የሚስቱን ጥቁር ቀሚስ እንኳ በሐሳቧ ለክታዋለች። ከሞተ ነገ የደንብ ልብሷን አጥባ ትመልሳለች። «ይቅርብሽ» ያለቻት ልጇ እውነቷን ነው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር «ማን ሞተ?» የምትል፣ የሱቋን ቁልፍ ሦስቴ ሳትነቀንቅ የማትሄድ እናት ምን ልትሆን አምቡላንስ ላይ ወጣች?

ሱሪውን ከረጢት ውስጥ ልትከት ስታነሳው እጇ ላይ ተዘረጋ።

ጉልበቱ ዘንድ ሲደርስ መስመሩ ስፌቱን ይለቃል። ከዚያ ወዲያ መቀሱ ጨርቁን ሰንጥቆ፣ ኪሱን ለሁለት ገምሶ፣ ቀበቶ ማስገቢያውን በጥሶ እስከ ወገብ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ጭካኔ በጨርቅ ላይ ፈጽማ አታውቅም። መቼ እንዳደረገችውም አታስታውስም። ትዝ የሚላት መዳፏ ሥር የነበረው የደሙ ሙቀት ብቻ ነው።

ሹፌሩ ስልኩን ኪሱ እየከተተ ገባ። ፊቱን አላየችም፤ ፈራች።

«ነቅቷል» አላት። «ሱሪዬስ እያለ ያስቸግራል አሉ።»

ሱሪውን ወደ ብርሃኑ አንስታ፣ እንደ ሱቋ ጊዜ ገልበጥ አድርጋ መረመረችው።

«ይሄ እንኳን አይሰፋም በለው» አለች።

ሹፌሩ እየሳቀ መብራቱን አጠፋ። እሷ የጋራዡን በር ስባ ገጠመች፤ ቁልፉን አንዴ አዞረችና ሄደች።