ሰብታይትል የሚያነቡት ጎረቤት

«ቆይ ቆይ... አሁን ምን አለችው?»

«"ካንተ ጋር ከምኖር ብቻዬን ባረጅ ይሻለኛል" አለችው፣ እትዬ።»

«እሰይ... አንጀቴን አራሰችው።»

ጠያቂዋ አንዲት እናት ናቸው... ሶፋው ጥግ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

መላሹ ጎረቤታቸው ናቸው... ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው፣ አንገታቸውን አስግገው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ መንገደኛ ሲጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈሩ «ማይኩ» ነው የሚላቸው።

የውጭ ድራማ ሲጀምር ከስር የሚጻፈውን ሰብታይትል ጮክ ብለው የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

ደግሞ ዝም ብለው አያነቡም... ለልጅቷ ቀጭን ድምፅ፣ ለክፉው አጎት ጎርናና፣ ለዶክተሩ በአፍንጫ።

ምክንያቱም እናትየው «ዓይኔ እምቢ አለኝ» ብለዋል።

ሴት ልጃቸውን የሚያሳፍራት ይሄ ነው... ሥራዋ መነጽር ቤት ነዋ።

ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስትለካ ትውላለች... የገዛ እናቷ ግን ቴሌቪዥን የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ሁለት መነጽር አሠርታላቸዋለች። ሁለቱንም «ያዞረኛል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቷቸው።

ዓይናቸው ይደክም እንጂ ምላሳቸው ደህና ነው።

ስለ ዜና አንባቢዋ... «ወሬውን የምትነግረን ተገዳ ነው እንዴ?»

ስለ ጠዋቱ የውይይት ፕሮግራም... «ይሄን ሁሉ አውርተው ሲያበቁ፣ ምን እንዳሉ እነሱም አያውቁት።»

ስለ ኮሜዲው... «ሳቁንም ራሳቸው ሳቁት። ለእኛ ምን ተረፈን?»

ስለ ውጭ ድራማው ደግሞ... «እነዚህ ሰዎች ያ ሁሉ ሀብት እያላቸው በር ማንኳኳት ያስተማራቸው የለም? ደግሞ የቀበሩት ሁሉ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል።»

ማይኩ በሳቅ ይፈርሳሉ።

አንድ ቀን ልጅቷ ደስ ብሏት ገባች።

«እማዬ፣ ያንኑ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ተርጉሞ የሚያሳይ ቻናል አገኘሁልሽ። ከእንግዲህ ማንንም አታስቸግሪም።»

እናትየው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ... ተዉት።

ማይኩ እንደ ልማዳቸው መጡ። የድራማዋ ልጅም፣ አጎቱም፣ ዶክተሩም አሁን ራሳቸው ያወራሉ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩ። ከዚያ ተነሡ።

«እንግዲህ... አፍ አወጡ ማለት ነው። ደህና አምሹ።»

በማግስቱ አልመጡም... በሦስተኛውም ቀን።

«ድራማው እንዴት ነበር እማዬ?»

«ደህና ነው።»

ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት የነበራቸው ሴት... «ደህና ነው» ብቻ ሆኑ።

አንድ ቀን መነጽር ቤቱ ቀለም ስለሚቀባ ልጅቷ ቀደም ብላ ወደ ቤት መጣች። በሩን ከፈት አደረገችው።

እናትየው የድሮውን ቻናል ከፍተዋል... ባለ ሰብታይትሉን። ድምፁ ጨርሶ ተዘግቷል።

እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

«ምንድነው የሚያስቅሽ እማዬ?»

«ይሄ ቂል ነዋ... አማቱን የቤት ሠራተኛ መስላው ጫማዬን ጥረጊልኝ...»

ቆም አሉ።

«ድምፅ እኮ የለውም እማዬ... ታነቢያለሽ ማለት ነው?»

እናትየው ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጎረቤት በኩል አዩ።

«መጀመሪያ በሩን ዝጊው።»

ዘጋችው።

«ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያ በድምፁ ስንቱን ሰው መንገድ ያስያዘ ሰው ዝም አለ። ሰላም ብትይው አንገቱን ነው የሚነቀንቅልሽ። ና ተጫወት ስለው "ሥራ አለብኝ" ይላል... ጡረተኛ ምን ሥራ አለው?»

«እና?»

«እና "ዓይኔ አላይ አለኝ፣ እስቲ ይቺን አንብብልኝ" አልኩት። ለራሱ ብለሽ ብትጠሪው አይመጣም፣ ቸገረኝ ካልሽው ግን ሮጦ ይደርሳል። መጀመሪያ እያጉረመረመ አነበበ... በሳምንቱ የአጎትየውን ድምፅ ሲያስመስል ራሱን አሳቀው። ታዲያ መነጽርሽን አድርጌ ወደ ዝምታው ልመልሰው?»

ልጅቷ ወጥታ የጎረቤቱን በር አንኳኳች።

«ጋሼ... እማዬን ያ ቻናል አልተስማማትም። የሁሉም ድምፅ አንድ ነው ትላለች። ይምጡና ያንብቡላት።»

ማይኩ ትክ ብለው አዩዋት... ፈገግ አሉ።

«ማንበብ እንደምትችል ነገረችሽ መሰለኝ።»

«...ያውቃሉ እንዴ?»

«አንድ ቀን የፍቅር ንግግር መጣና አፈርኩ፣ ዘለልኩት። "ምነው ያቺን አለፍካት?" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሆን ብዬ እየዘለልኩ እፈትናት ጀመር... አንዲትም አታመልጣት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ ጋሼ?»

«እንዳወቅኩ ካወቀች ታፍራለች። ካፈረች ደግሞ እኔ በምን ሰበብ ልምጣ?»

ኮታቸውን ከበሩ ጀርባ አነሡ።

«ልጄ... እሷ ለእኔ ብላ ዕውር ሆናለች። እኔ ለእሷ ብዬ ብሞኝ ምን አለበት?»

ያን ምሽት ሦስቱም ተሰበሰቡ። ልጅቷ የሁለቱንም ምስጢር ይዛ በመሃላቸው ተቀመጠች። ማይኩ የዶክተሩን ድርሻ ለእሷ ሰጧት።

አፍንጫዋን ይዛ አነበበች።

«ዶክተሩ ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አሉ እናትየው... ማይኩ ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ።

ወዳጆቼ...

ብቸኛ ሰው ሁልጊዜ «እንርዳህ» ሲሉት አይመጣም። አንዳንዴ «እርዳኝ» ሲሉት ነው የሚመጣው። ሰው ከምግብና ከልብስ ሌላ፣ እሱን የሚፈልግ ሰው መኖሩን ማወቅ ይፈልጋል።

እናንተስ... ሳይቸግራችሁ «ቸገረኝ» ብላችሁ ከቤቱ ያወጣችሁት ሰው አለ? ወይስ እስካሁን በራችሁን እንዲያንኳኩ ሰበብ የምትፈልጉላቸው ጎረቤት አሉ? እስቲ ኮመንት ላይ አጫውቱን።