የጠላቶቹ ድምፅ

ጦሩ በሽፍታው ደረት ገብቶ በጀርባው ወጣ፤ ሽፍታው «እማዬ!» ብሎ ተዘረረ። የንጉሡ ዘበኛ በጎራዴ ተሰነጠቀ፤ እሱም በዚያው ድምፅ «እማዬ!» አለ።

«ይሄ ሁሉ ጠላት በአንድ ሰው ድምፅ ሲሞት ተጫዋች ይስቅብናል» አለ ፕሮግራመሩ በሹክሹክታ። «ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ተዋንያን ቀጥረን እንቀይረው።»

ከሠዓሊዋ ጋር ሦስት ሆነው ጌሙን ሲጀምሩ የጠላቶቹን ድምፅ ሁሉ ብቻውን የቀዳው ምንተስኖት ነበር። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው።

«እንግዲያው አንተው ንገራቸው» አለችው ሠዓሊዋ፣ ጌሙን ወደሚጫወቱት የምንተስኖት እናት በአገጯ እያመለከተች።

እሳቸው ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ አልነቀሉም። አንድ የቆሰለ ወታደር እፊታቸው ተንበርክኮ ምሕረት ይለምናል። ጎራዴውን ደረቱ ላይ ሰኩበት።

«እማዬ!»

«ወዬ» አሉ።