የአማቹ ሐላል ሥራ

አባ ሚዛን ልጃቸውን ሲድሩ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ባልየው ሐላል ሠርቶ ይብላ። ሌላው ሁሉ እዳው ገብስ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነጋዴ ሚዛን ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከዚያ ወዲህ የሚቆጣጠሩት አማቻቸውን ሆነ።

የመጀመሪያ ሥራው ሆቴል ነበር። አባ ሚዛን ሄደው በመስኮት አዩ። አማቹ ትሪ ይዟል፤ ትሪው ላይ ቢራ አለ።

«እኔ ጠጣሁ እንዴ አባባ?» አለ፣ ሲጠሩት።

«ጠጪውም አቅራቢውም እዚያው ናቸው።»

ለቀቀ። ሁለተኛው ሾፌርነት ነበር፤ የሚጭነው ባዶ የቢራ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ።

«ባዶ ነውኮ አባባ!»

«ነገስ ባዶውን ያድራል?»

ይህንንም ለቀቀ። ሦስተኛው በወለድ በሚያበድር ድርጅት ውስጥ ጸሐፊነት ነበር። እዚህ ላይ የሰፈሩ ሼህም ከአባ ሚዛን ጋር ተስማሙ፤ የወለድ ጸሐፊው ከበላተኛው አይለይም አሉ። አባ ሚዛን ያን ሰሞን ደረታቸውን ነፍተው ሰነበቱ።

አማቹ ሥራ ፈትቶ ከረመ። ልጅቷ የሰው ልብስ እየጠገነች ቤቱን ያዘች። አባ ሚዛን ደግሞ «እኔ ሐራሙን ተው አልኩት እንጂ ሥራውን ተው አልኩት?» እያሉ ላገኙት ሁሉ ያስረዱ ነበር።

አንድ ቀን አማቹ ሥራ አገኘሁ አለ። ምን ሥራ እንደሆነ ግን ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ታውቃለች፤ እሷም ዝም።

አባ ሚዛን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። መጀመሪያ አሸተቱት፤ ሳሙናና አንድ ስሙ የጠፋባቸው ሽቶ ሸተታቸው። ቀጥለው እጁን አዩ፤ ጣቶቹ ውሃ ውስጥ እንደዋለ ሰው ተጨማደዋል። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲገባ ጠብቀው ቦርሳውን ከፈቱ። የጎማ ጓንት፣ የፕላስቲክ ሽርጥ። ሥራው ሰዓት የለውም፤ ስልክ ከተደወለለት ምሳውን አጋምሶ ይነሳል።

ገበያው ፊት ለፊት ደግሞ በዚያው ሰሞን የእንፋሎት መታጠቢያና ማሳጅ ቤት ተከፍቷል። በሩ ላይ ፎጣ ያገለደመ ሰውዬ ተስሏል። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

በቀጥታ ወደ ሼሁ ቤት ገሰገሱ። መንገድ ላይ ቀብር ሲያልፍ ደረሱና ወደ ሚስማር ሱቅ እልም አሉ። ቀብር ማንም አይወድም፤ እሳቸው ግን የሬሳ መገነዣ ከፈን የሚሸጥበትን ሱቅ እንኳ ዞረው ነው የሚያልፉት። ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ በማይፈልጉት ማጠፊያ ዋጋ ሲከራከሩ ቆዩ። የሼሁን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ሥራውን ነግሮዎታል አይደል?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ነግሮኛል። ሐላል ነው። አላህ ዘንድ አጅርም አለው።»

«ሐላል ከሆነ ምን ያስደብቀዋል?»

ሼሁ ጢማቸውን አሻሹ። «ለእርስዎ ሲል ነው።»

«ለእኔ! አስተግፊሩላህ! እርስዎንም ፎጣ አስገልድሞ አሸልዎት ይሆን?»

ሼሁ ሳቃቸውን ዋጡ። አባ ሚዛን ግን ያዩት ሳቁን ነው፤ በዚያው ቁርጣቸውን አወቁ።

ማታ አማቹን ከነሚስቱ አስጠርተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡ። የአባ ሚዛን ባለቤት በአንድ እጃቸው ውሃ፣ በሌላው የልብ ኪኒናቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«አንተ ውሸት አትናገርም፤ ይህችን አልነሳህም» አሉ አባ ሚዛን። «ሰው ታጥባለህ ወይስ አታጥብም?»

አማቹ ሚስቱን አየና «አጥባለሁ» አለ።

«ራቁቱን?»

«ኧረ ሐፍረቱ ይሸፈናል አባባ።»

«ልብሱን የት ያወልቃል?»

«እኛ ነን የምናወልቅለት።»

«ሱብሃነላህ! ሴቶችስ?»

«ሴቶቹን የምታጥበው ሴት ናት። ክፍላቸውም ለብቻ ነው።»

«ስንቱን ጉድ ታያለህ እናንተ ቤት!»

«ያየሁትን አላወራም። የሥራው ደንብ ነው።»

አባ ሚዛን ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። ዘለው ተነሱ፤ ጓዳ ገብተው አንድ አሮጌ ሻንጣ እየጎተቱ መጡና ልጃቸው እግር ሥር ጣሉት።

«አባዬ፣ እኔ ከባሌ የትም አልሄድም» አለች ልጅቷ። እስከዚያ ቀን አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም።

«ትሄጃለሽ! ከራቁት ሰው በተገኘ ፍራንክ ልጄ አትቀለብም!» ወደ አማቻቸው ዞሩ። «ጁምዓ ሳይደርስ መሥሪያ ቤትህ ራሴ እመጣለሁ። በዚህ ዓይኔ አይቼ ሐላል መሆኑን ካላረጋገጥኩ ኒካሑ ይፈርሳል!»

አማቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጠ። «ይተዉ አባባ፤ አይቸኩሉ።»

«አሃ! ፈራህ!»

«አልፈራሁም። ብቻ እርስዎ እዚያ ባይመጡ ደስ ይለኛል።»

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ኪኒንህን ዋጥ፤ ከዚያ ተቆጣ» አሉ ባለቤታቸው።

«ኪኒን አላልኩም፤ ሥራውን ነው ያልኩት!» ብለው የባለቤታቸውን እጅ መለሱ። ሌሊቱን ሁሉ በንዴት ሲገላበጡ አደሩ።

አባ ሚዛን ያሉትን የማያደርጉ ሰው አልነበሩም። ጁምዓ ሳይደርስ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ አማቻቸው መሥሪያ ቤት ደረሱ።

ከመስጊዱ ጓሮ ወዳለችው የአስከሬን ማጠቢያ ክፍል ጎረቤቶቻቸው ተሸክመው አስገቧቸው፤ አማቻቸውም ሽርጡን አሰረ፣ የውሃውን ሙቀት በክንዱ ለካ፣ ገርበብ ብሎ የቀረውን ዓይናቸውን ከደነላቸውና «ቢስሚላህ» ብሎ ከቀኝ ጎናቸው ጀመረ።