የወይራ የግል ገጽ

ሰውዬው ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ አባላት ተጋግዘው ኢንተርኔት ላይ በሚያዘጋጁት የዕውቀት ድረ ገጽ ውስጥ እየገባ የሰው ጽሑፍ ማቃናት ዋና ሥራው ሆኗል። ይሁን፣ ከመንደር ሐሜት ይሻላል። ግን «ወይራ» የተባለች አባል ስለ ራሷ በምትጽፍበት የግል ገጿ ላይ «ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ አባት የለኝም» ብላ ነበር። እሱ ሄዶ «አባት የለኝም» የሚለውን አጠፋው። እሷ መልሳ ጻፈችው። ደግሞ አጠፋው።

አስተዳዳሪው ምትኩ ወዲያው፣ አባላት ሁሉ በሚያዩት የሰውዬው መወያያ ገጽ ላይ ጻፈለት። «ጋሼ፣ የአባል የግል ገጽ እንደ ሰው ጓዳ ነው፤ ሳያስፈቅዱ አይገባም። የሚሉት ካለ መወያያ ገጿ ላይ ይጻፉላት።»

«ጽፌ ጽፌ መልስ አጣሁ።»

«እንግዲያው ይተዉት። ከደገሙት አግድዎታለሁ።»

«አግደኝ። ውሸት እያየሁ አላልፍም» አለና ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋው።

ምትኩም እንደ ደንባቸው ጠየቀ። «ውሸት ነው ካሉ ማስረጃ ያቅርቡ። እዚህ ቤት ያለ ማስረጃ አንዲት ቃል አትነካም።»

ሰውዬው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። «የወለድኳት እኔ ነኝ።»

ምትኩ ግን ደንብ ደንብ ነው ብሎ አገደው።

በማግስቱ የታገደው ሰውዬ መጻፍ ባይችልም ማንበብ አልተከለከለምና የወይራን ገጽ ከፈተ። ጽሑፉ ተቀይሯል።

«ያሳደገችኝ እናቴ ናት። አባት አለኝ፤ ሳያስፈቅድ የሰው ገጽ የሚነካ ደረቅ ሰው ነው።»