የአሸናፊዋ ክሊፕ

«ኧረ ለእንግዳዋ አስተርጓሚ ጥሩላት!» አለች ትርሲት፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው የሜካፕ ባለሙያ።

«አማርኛ እችላለሁ እኮ። ከጋምቤላ ነኝ፤ ዛሬ በዘፈን ውድድሩ ለፍጻሜ ከምንወዳደረው አንዷ ነኝ።»

«ውይ በሞትኩት!» ትርሲት አፍራ አስቀመጠቻትና ፊቷ ከአንገቷ እስኪለይ ድረስ በፓውደር አቀላችው።

ልጅቷ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር። ያሸነፈች የራሷ ክሊፕ ይሠራላታል። ስትዘፍን አዳራሹ ብድግ አለ፤ ዳኞቹም እንባቸውን ጠረጉ። ተመልካች በስልክ የሰጠው ድምፅ ሲነገር ግን ቀይዋ ተፎካካሪዋ አሸነፈች።

ከመድረክ ጀርባ ትርሲት አቅፋት አለቀሰች። «ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማሽ እኮ የሚያህልሽ የለም።»

«ስትገልጪውስ?»

ትርሲት ጥጥ አርጥባ ፓውደሩን ትጠርግላት ጀመር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የዝግጅቱ አዘጋጅ ለልጅቷ ደወለላት። አሸናፊዋ ስቱዲዮ ገብታ ድምፅ አልወጣላት ብሎ ነበር። «አንቺ ዝፈኚልን። ክሊፑ ላይ እሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አላት። እምቢ ልትል ፈለገች። ቢሆንም ድምፄ እንኳ ይሰማ ብላ ሄደች፤ ከልቧም ዘፈነች።

ክሊፑ የተለቀቀ ዕለት እናቷ ድምፁን ገና ከጓሮ ሳለች ለየችው። «ልጄ በቴሌቪዥን ወጣች!» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ገባች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ስክሪኑ ፊት ቆመው፣ አሁን ትታያለች እያሉ ጠበቋት።